ለክብራቸው የመጣው ሶፋ

ከመጠለያ ጣቢያ ወጥታ ከተማ ውስጥ ከነልጆቿ አንዲት ጠባብ ክፍል የተከራየች፣ ምላሷ ስለታም የሆነ ስደተኛ ነበረች። የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ቢሮ ኃላፊ ኑሮዋን ሊያይ ይመጣል ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ «ትልቅ ሰውማ መሬት ላይ አይቀመጥም!» ብሎ ከየቤቱ ሶፋና ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥን ሳይቀር ተሸክሞ አስገባላት።

ኃላፊው መጣና ሶፋው ላይ ስምጥ ብሎ ተቀመጠ። ሻዩን ጠጥቶ፣ ዙሪያውን ገርምሞ፣

«በችግረኛ ስም ስንቱ ይነግዳል!» ሲል ጮኸ። «እንዲህ ያለ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ድጋፍ አይገባውም። ዛሬውኑ ይሰረዛል!»

በር ላይ የተኮለኮሉት ጎረቤቶች ክው አሉ። ሴትዮዋ ግን ትሪዋን እንደያዘች እጅ ነስታ፣

«ይሰረዝ እንጂ ጌታዬ!» አለች። «ሶፋውን ጎረቤቶቼ ያዋሱኝ ለእርስዎ ክብር ነው። እኔ እስካሁን አልተቀመጥኩበትም፤ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።»