ከወንዝ ዳሩ ሳጥን ትርፍ ተብሎ የወጣው

እኛ መሥሪያ ቤት የሚቀጠር መሐንዲስ ሁሉ ገና ወር ሳይሞላው አንድ አባባል ይሰማል። ብዙዎቹ ከጥንት የወረደ ተረት ይመስላቸዋል። ከተነገረ ግን ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ሲነገር እዚያው ቆሜ ነበር፤ ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

ጣና አካባቢ ካሉት የሩዝ ሜዳዎች በአንዱ፣ ወንዝ ዳር፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳጥን ነበረን። ውስጡ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር በየሰዓቱ የውሃውን ከፍታ ታሰላለች፤ ከአደጋው መስመር ካለፈ ሳይረን ታስጮኻለች። ጠባቂዋ ወይዘሮ ይርገዱ ይባላሉ። ሳጥኑ ሳይተከል በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃውን በእንጨት ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው።

የኮምፒውተሯ ችግር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለመነሣት አራት ደቂቃ መፍጀቷ ነበር። ባልደረባዬ ሱራፌል ይህን እኔ እፈታዋለሁ አለ። መፍትሔው ከርነሉን፣ ማለትም በፕሮግራሞቹና በፕሮሰሰሩ መካከል ሆኖ ሁሉን የሚያስተዳድረውን አስኳል፣ እንደገና ማዘጋጀት ነው። ሥራው ጥያቄ ይበዛዋል፤ ይህ ክፍል ይግባ ወይስ ይቅር እያለ ስለ መቶ ነገር ይጠይቃል። ሱራፌል ደግሞ «ይቅር» ማለት ነፍሱ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ፕሮሰሰሩ አስርዮሽ ቁጥር ማስላት የማይችል ከሆነ ከርነሉ ያስላለት ወይ የሚል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕሮሰሰር ራሱ ስለሚያሰላ፣ በዚህ ዘመን የማያሰላ አለ እንዴ ብሎ አስቀረው። ወንዝ ዳር ያለው ከዚያው ዘር ቢሆንም አሮጌ ነው፤ አስርዮሽ ራሱ አያሰላም። እኔ አሮጌ መሆኑን ዐውቅ ነበር፤ አጣርቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

በነሐሴ ወር ሄደን ጫንነው። ኮምፒውተሯ በሃያ ሴኮንድ ተነሣች፤ አረንጓዴዋም መብራት በራች። ሱራፌል ወዲያው ቦርሳውን አንጠለጠለ። ወይዘሮ ይርገዱ እርጎ ይዘው ቢመጡ ቆሞ ቀመሰና መለሰላቸው።

«ልኬቱን እስክትወስድ እንኳ ብትቆዩ ምን ነበረበት?» አሉ። «ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።»

«እትዬ፣ መብራቷን አያዩም? ሠራች እኮ» አላቸው ሱራፌል።

«እኔ የምኖረው ከውሃው ጋር ነው፣ ከመብራቷ ጋር መቼ ሆነና።»

ሱራፌል ሣቀ። ሌሎች ሁለት ጣቢያዎች ይቀሩን ነበር፤ እኔም ባሕር ዳር ገብቼ ዓሣ መብላት አምሮኛል። ሞተር አስነሣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ዝም አለ። ዝምታው ማንንም አላሳሰበም፤ ውሃው ደህና ሲሆንም ዝም ነው የሚለው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የወረደው ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ወይዘሮ ይርገዱ ውሃው ደፍርሶ ጭራሮ ሲያግተለትል አይተው ወደ ሳጥኑ ቢሮጡ፣ አረንጓዴዋ መብራት እንደ በራች ናት። በስተግራ፣ ዝቅ ካለው መስክ፣ ሁለት በሬዎቻቸው ታስረዋል። በስተቀኝ አርባ የሚሆን ሰው ጎንበስ ብሎ ሩዝ ያርማል። ወደ ሰዉ ሮጡ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸው አንድ ሰው ሳይቀር አስወጡ። በሬዎቹን ውሃው ከነገመዳቸው ወሰዳቸው።

በማግስቱ ተመለስን። ሱራፌል ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ መዝገቡን አነበበ። ከርነሉ ደህና ነው፤ አረንጓዴዋ መብራት የምታሳየውም እሱን ብቻ ነው፤ የምትለካው ፕሮግራም ግን እኛ በሄድን በሃያ ደቂቃ፣ የመጀመሪያውን አስርዮሽ ቁጥር ላስላ ስትል ሞታለች። ላፕቶፑን ዘጋው። ዕቃው ተበላሸ ቢል እዚያ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። እሱ ግን በተሰበሰበው ሰው ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሚያስፈልጋትን ነገር አወጣሁባት» አለ። እኔም ዐውቄ ዝም ማለቴን ተናገርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ወይዘሮ ይርገዱ አልተቆጡንም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መስኩን ያያሉ።

የተናገሩት አማታቸው አያ ዓለምነው ናቸው፤ በነዚያ በሬዎች ያርሱ የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ሱራፌልን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ያን ያወጣኸውን ነገር ምን ብለህ አወጣኸው፣ ልጄ?»

«ትርፍ መስሎኝ ነው፣ አባቴ።»

«ያን ዕለት እዚህ ምን ያህል ቆየህ?»

«ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጎደለው በረት ዞር ብለው አዩና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አይፈረድብህም፤ ለማያድር እንግዳ ምሰሶው ትርፍ ነው» አሉ።