የበሩን ጥግ አልሰማም ያለው ማይክ

አንድ ጥያቄ ሦስት ዓመት ተሸክሜ ኖሬያለሁ፦ በገዛ ጆሮው የሰማውን ቃል «ድምፁ አይሰማም» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ይባላል? ማንንም አልጠየቅሁም። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ብጠይቅም የሚሰማኝ አልነበረም። ስለዚህ በተረት መልክ ልንገራችሁ፤ «የላም በረት» ባትሉኝም አልቀየማችሁም።

ነገሩ ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ጀመረ። እማማ ደብሪቱ በሰፈራችን ልማት ማኅበር ቃለ ጉባኤ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንድትጻፍላቸው ፈለጉ፦ «ከቤታችን በላይ ያለው የማኅበሩ ግንብ ተሰንጥቋልና ሳይናድብን ይጠገን።» ይኸው ነው።

ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ያልተባለ ቃል ጨመረ ተብሎ ከተባረረ ወዲህ ማኅበሩ ሕግ አወጣ፦ በመቅረጫው ያልተያዘ ቃል አይጻፍም፤ የተያዘ ቃል አይቀርም። ለዚህም ማይክ ተመረጠ። ነጋዴው ሦስት ዓይነት አመጣ፤ ባለ ረጅም አንገት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ ክብ፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል። ሊቀ መንበሩ አቶ አስናቀ ከወንበራቸው ሳይነሡ በሦስቱም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ።

«ባለ አንገቱ ይሁን። ድምፄን አወፈረው» አሉ።

አጨበጨብን። በሩ ድረስ ሄዶ «አንድ፣ ሁለት» ያለ ሰው አልነበረም። በሩ ጥግ የሚቀመጡት ሹመት የሌላቸው ናቸው፤ እማማ ደብሪቱም እዚያ ናቸው።

በሰኔው ስብሰባ እማማ ተነሥተው ተናገሩ። እኔ ሰማኋቸው። በማግሥቱ ቅጂውን ሳዳምጥ ግን ሳልና የወንበር ሲጥሲጥታ ብቻ ነበር። «ድምፁ አይሰማም» ብዬ ጻፍኩ። ማይኩ እማማን አልሰማም አለ። ስንጥቁም ጣት ያስገባ ነበር።

ወደ ሊቀ መንበሩ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ማይኩን ወደ በሩ ጠጋ ብናደርገውስ?»

«የኔ ልጅ፣ ማይክ እንደ ሕፃን ወዲያ ወዲህ ይባላል እንዴ? እሱም ወንበር አለው፤ ወንበሩም እኔ ፊት ነው።»

ማይኩ እማማን አልሰማም አለ፤ ሊቀ መንበሩ ማይኩን አላስነሣም አሉ። ስንጥቁም ጭብጥ እጅ ያስገባ ጀመር።

በዓመቱ፣ በሰኔ፣ እማማ ደግመው ተናገሩ፤ እኔም ደግሜ «ድምፁ አይሰማም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዕቃ ወደሚገዙልን ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ሄድኩ።

«ማይክ አለ እኮ፣ እቴ! ባለው ላይ ሌላ የምገዛው ባለሙያ "አይሆንም" ብሎ ሲጽፍልኝ ነው።»

ማይኩ እማማን አልሰማም አለ፤ ሊቀ መንበሩ ማይኩን አላስነሣም አሉ፤ ገዢዋ ሌላ አልገዛም አሉ። በስንጥቁም ድመት ታልፍበት ጀመር።

የድምፅ ባለሙያውን ኑረዲንን ጠራሁት፤ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተራመደው። በሩ ጋ ቆሞ አጨበጨበ፤ ቅጂውን ከፍቶ ሰማ፤ ነጋዴው ያመጣቸውን ሦስቱን ዓይነት ስነግረው ሳቀ።

«ይሄ ምን በወጣው፣ መቅዲ? አልተበላሸም። ፊቱ ያለውን እንዲሰማ ነው የተሠራው። የተንጠለጠለው ጣሪያው ላይ የዝናቡን ኳኳታ ይለቅማል። ለእናንተ ክቡ ነበር፤ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ዙሪያውን ይሰማል።»

«እንግዲያው ይህንኑ ጻፍልኛ!»

«ጉባኤ ሳይጠይቀኝ? ባለፈው ጽፌ "ማን ጠየቀህ" ተብያለሁ። ቃለ ጉባኤ አምጪ።»

በሦስተኛው ሰኔ እማማን «ማይኩ አይሰማኝም ይበሉ» አልኳቸው። ስለ ግንቡ ተናገሩና «አይሰማኝም እኮ፣ ልጆቼ!» ብለው ጮኹ። ማይኩ ይህንንም አልሰማም፤ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ «ድምፁ አይሰማም» ብዬ ጻፍኩ።

ማይኩ እማማን አልሰማም አለ፤ ሊቀ መንበሩ ማይኩን አላስነሣም አሉ፤ ገዢዋ ሌላ አልገዛም አሉ፤ ባለሙያው አልጽፍም አለ፤ ቃለ ጉባኤው አልጠይቅም አለ። ለምን? ማይኩ እማማን አልሰማም አለ! ስንጥቁም ከላይ እስከ ታች ወረደ።

በነሐሴ፣ በቀትር፣ የግንቡ ግማሽ ተናደ። ከሥሩ የእማማ ጎረቤት ጋሽ ወንድይፍራው፣ ጫማ ሰፊው፣ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። አስከሬናቸውን ስናወጣ ወስፌው ከእጃቸው አልወደቀም ነበር። ሌላው ግማሽ ግንብ በእማማ ቤት ላይ እንዳዘነበለ ቀረ።

ለስብሰባ ተጠራን። አቶ አስናቀ የሦስቱን ዓመት ቃለ ጉባኤ ገለጡ። «ስለ ግንቡ አንድም የተናገረ ሰው የለም። የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን እናደርጋለን?»

«ሦስት ዓመት ተናገርኩ!» አሉ እማማ ከበሩ ጥግ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺም አልሰማሽኝም?»

ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

በቀጣዩ ስብሰባ፣ እንደ ልማዳችን፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት ላነብ ከሊቀ መንበሩ ጎን ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ሦስት መስመር ሳላነብ «እንደ ተነበበ ይቆጠር» ይሉኛል። ያን ቀን አፌን ማይኩ ላይ አስጠጋሁት።

«እማማ ደብሪቱ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብለዋል፦ ከቤታችን በላይ ያለው ግንብ ተሰንጥቋልና ሳይናድብን ይጠገን። ደግሞም ማይኩ አይሰማኝም ብለዋል።»

«አቁሚ! ይሄ ቅጂው ላይ አለ?»

«አልነበረም፣ ጋሼ። አሁን አለ።»

የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቷል። የተያዘ ቃል አይቀርም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው።

ማይኩ ድምፄን ያዘ፤ ቅጂው ቃለ ጉባኤውን አስጠየቀ፤ ቃለ ጉባኤው ኑረዲንን አስጻፈ፤ ወረቀቱ ወይዘሮ አልጋነሽን አስገዛ፤ ክቡ ማይክ ባለ አንገቱን ከሊቀ መንበሩ ፊት አስነሣ፤ የእማማም ዐረፍተ ነገር ተጻፈች። የቀረው ግንብ ፈርሶ በድንጋይና በሲሚንቶ እንደ ገና ተሠራ።

ክቡ ማይክ ሲሞከር ኑረዲን «እማማ፣ እዚያው በሩ ጋ ሆነው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉ» አላቸው። እማማ ቆሙ።

«ወንድይፍራው» አሉ። «ወንድይፍራው። ወንድይፍራው።»

ጥርት ብሎ ተቀረጸ።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም። የጥያቄዬን መልስ ያን ጊዜ አውቄዋለሁ፦ እንደ ማይኩ «አልሰማም ያለ» ይባላል። ሦስቱን የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች አወጣሁና «ድምፁ አይሰማም» ከሚለው ሥር ሦስቱም ላይ «እኔ ጸሐፊዋ ሰምቻለሁ» ብዬ ስሜንና ቀኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ግልባጩን ለጋሽ ወንድይፍራው ባለቤት በእጃቸው ልሰጣቸው፣ ክስ ከመሠረቱም ቆሜ ልመሰክርላቸው ወሰንኩ። ዛሬ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ።