ለሚካኤል ድግስ የተላከ ወረቀት

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው በአንዲት ትንሽ የሰርቢያውያን ከተማ ነው፤ በአንድ የጥንት ገዳም ዙሪያ የተኮለኮሉ ሰማንያ ቤቶች፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፣ በሌላ መንገድ ይጸልያል። እንግዲህ በሰማንያ ቤት ጎረቤት ይማረጣል? እሷ ግን አማረጠች!

እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቅድመ አያት የወረሰው ቅዱስ አለው። በቅዱሱ ቀን ሻማ ይበራል፣ ዳቦ ይጋገራል፤ ዳቦውን አባወራውና እንግዳው አብረው ይዘው፣ አዙረው ይቆርሱታል። እነሱ ስላቫ ይሉታል፤ እናንተ ዝክር በሉት። ደንቡ አንድ ነው፦ ማንም አይጠራም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል።

የሴትዮዋ ባል የአባቱን ሚካኤል የተረከበው በዚያ ዓመት ነበር። የመጀመሪያ ድግሳቸው! እንግዳ ከቀረ የአባት ቅዱስ በእነሱ እጅ ተዋረደ ማለት ነው። እሷ ምን አደረገች? ለአሥራ ሁለት ምርጥ ሰዎች የግብዣ ወረቀት ላከች። ጎረቤቷን ዳሪንካን ዘለለቻት፤ በዶሮ ተጣልተዋላ!

ባሏ ዝርዝሩን አየና፣ «ሚካኤልንስ ጠርተሽዋል? ስሙን አላየሁትም» አላት።

ቀኑ ደረሰ። ያልተጠሩት «አትምጡ ተባልን» ብለው ቀሩ። የተጠሩትስ? እነሱም ቀሩ! «ለሚካኤል ቤት ወረቀት? ባዳ አደረገችን እኮ!»

ሻማው ተጋመሰ። ዳቦውን ይዞ የሚያዞር ጠፋ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ።

በሩ ብርግድ አለ። ዳሪንካ!

«እኔ እኮ... አልጠራሁሽም...»

«አንቺን ብዬ የመጣሁ መሰለሽ? ሚካኤልን ብዬ ነው! ተነሺ፣ ወንበር አምጪ!»

ዳቦውን ከባልየው ጋር ይዛ አዞረች፤ ቆረሱት። ከዚያ በመስኮት ብቅ ብላ መንደሩን አናወጠችው፦ «ኑ እንጂ! ልጅቱ ሞኝ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም!»

ቤቱ ጢም አለ። መቀመጫ ያጣው በማገዶ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ትስቃለች።

ሳቃችሁ? በማን ላይ?

ማኅበር ስታወጡ «እገሊት እንዳትሰማ» አላላችሁም? ካኮረፋችሁት ሰው አጠገብ ላለመቆም ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ዞራችሁ? ይሄንን መንፈሳዊነት ብላችሁ ደግሞ ትኮራላችሁ!

ስሙኝ። የድግሱ ባለቤት እግዚአብሔር ነው፤ እናንተ አሳላፊ ናችሁ። አሳላፊ እንግዳ አይመርጥም። ጎንበስ ብሎ እጅ ያስታጥባል።