ተቀባይ ያጣ መዝሙር

አንዲት ሴት በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቁምስና፣ ማለትም በአጥቢያው አዳራሽ ውስጥ መዝሙር ዘመረች። በማግስቱ ስለዚያ መዝሙር ሁለት ዓይነት ወሬ ተሰማ።

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩት፣ «ምን ያደርጋል፣ መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰብሮ መዝሙሩ ተቋረጠ» አሉ። በር ላይ ቆመው የነበሩት ደግሞ፣ «ኧረ ምን ተቋረጠ! እንደዚያ ያለ መዝሙር ሰምተንም አናውቅ» አሉ።

ማንን እንመን? ሁለቱም እዚያው ነበሩ። ሁለቱም አልዋሹም። ነገሩን ከሥሩ እንስማው።

ሴትዮዋ አስካለች ትባላለች። በቁምስናው መዘምራንን መምራት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሠርግም ይሁን ቀብር፣ ልደትም ይሁን ትንሣኤ፣ «አስካለች ታንሣው» ይባላል። እርሷ ታነሣለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ «መሪዋ» ብሎ ይጠራታል።

ባለፈው ክረምት አንገቷ ላይ የነበረውን እንቅርት በቀዶ ሕክምና አስወጣች። ቁስሉ ዳነ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ዜማው ዝቅ ሲል ደህና ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እንዴት ትናገር? ከመዘምራኑ መካከል አጠገቧ የምትቆም ቴሬዛ አለች፤ ገና ወጣት፣ ድምፅዋ ያልተነካ። አስካለች ቤቷ ብቻዋን ስትሆን፣ «መሪ ካልሆንኩ በዚህ ቤተ ክርስቲያን እኔ ማን ነኝ?» እያለች ታስብ ነበር። ልብ በሉ፣ የፈራችው ይህንን ነው።

ቁምስናው በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «እምነትና ጥበብ» የሚል ዝግጅት ያሰናዳል። አንዱን ወር ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ትምህርት ይሰጣል፣ ሌላውን ወር ቴአትር ይታያል። በሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም የሰፈር ሰው ይመጣል። የዚያ ወር ርእስ መዝሙር ነበር። የቁምስናው ካህን አባ እንድርያስ ሊያስተምሩ፣ አስካለች ደግሞ እየዘመረች ልታሳይ ተወሰነ።

አዘጋጁ ፊሊጶስ ትጉህ ሰው ነው። ካሜራ አስመጥቶ፣ ማይክሮፎን ሞክሮ፣ ወደ አስካለች መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ብቻሽን ነሽ። ተቀባይ የለም።»

«ተቀባይ የለም? ምን በድዬህ ነው?»

«ለቀረጻው ብዬ ነው። ሕዝቡ ከገባበት አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይሮጣል። ጋሽ ሙላቱ ደግሞ አሉ። እሳቸው አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ማን ይመልሳቸዋል?»

አስካለች ሳቀች። ጋሽ ሙላቱ ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ሲዘምሩ ከፊት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ እሳቸው ያደነቃቸው እየመሰላቸው ድምፃቸውን ይጨምራሉ።

«ከከበደሽ ደግሞ ቴሬዛ አለች» አለ ፊሊጶስ። በክፋት አልነበረም።

«ማን ከበደኝ አለህ?» አለችው።

ሰዓቱ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው እስከ ግቢው ቆመ። ፊሊጶስ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ፤ መዝሙሩ ስለሚቀረጽም ማንም አብሮ እንዳይዘምር» ብሎ አሳሰበ።

ወገኖቼ፣ የእኛን መዝሙር ታውቁታላችሁ። መሪው አንድ ስንኝ ያነሣል፣ ሕዝቡ አንድ ስንኝ ይቀበላል። ሕዝቡ ሲቀበል መሪው ምን ያደርጋል? ይተነፍሳል! መዝሙሩን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ለሁለት ወገን የተሠራውን መዝሙር ለአንድ ሰው ጉሮሮ ከሰጣችሁት፣ መተንፈሻውን ወሰዳችሁበት ማለት ነው።

አስካለች ጀመረች። «እናታችን ሆይ፣ መንገዱ ረዘመብን።» ከልማድ የተነሣ ቆም አለች። ማንም አልተቀበለም። የሕዝቡንም ስንኝ ራሷ ዘመረችው፤ «አብረሽን ተጓዢ።» ሁለተኛውን አነሣች፣ ሁለተኛውንም ተቀበለች። ትንፋሿ አጠረ። ሦስተኛው ከፍ የሚለው ነው። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀና ጠፋ።

ካሜራው ይቀርጻል። ፊሊጶስ ለቴሬዛ በእጁ ምልክት ሰጠ። ቴሬዛ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ግን የአስካለችን ፊት አይታ መልሳ ተቀመጠች። አስካለች እግሯን አየች። የፈራችው መጣ፤ የመጣው ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ነው።

በዚህ መሐል ከደጅ አንድ ሻካራ ድምፅ ተሰማ። «አብረሽን ተጓዢ!»

ጋሽ ሙላቱ ናቸው። ዘግይተው ስለመጡ ማሳሰቢያውን አልሰሙም። እሳቸው የሰሙት ተቀባይ ያጣ መዝሙር ነው፤ ተቀበሉ። ዜማውን ስተውታል። ቢሆንም አጠገባቸው የቆሙት ዜማውን አቃንተው ተከተሏቸው፤ ከዚያ የኋላ ወንበሮች፣ ከዚያ መሐሉ። አስካለች ተነፈሰች። ሦስተኛውን ስንኝ ዝቅ አድርጋ እንደገና አነሣችው፤ አዳራሹ ተቀበላት፤ እስከ መጨረሻው ደረሱ።

ፊሊጶስ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ቀረጻዬን አበላሹት!» አለ።

እንግዲህ ፊት የተቀመጡት አንዲት ሴት ሲያቅታት አዩ፤ እውነት ነው። በር ላይ የቆሙትም ያልተቋረጠ መዝሙር ሰሙ፤ እርሱም እውነት ነው። ልዩነቱ ምን ይመስላችኋል? አንዱ ወገን ሲያዳምጥ፣ ሌላው ወገን ይቀበል ነበር።

እናንተስ? እናንተ የት ነበራችሁ?

ከመካከላችሁ ቤቱን ብቻውን የሚመራ አለ። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ ቆይቷል፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። «ካልመራሁ ማን ነኝ?» ይላል። አንተ ወንድሜ፣ መተንፈሻህን ማን ወሰደብህ? ማንም ሳይወስድብህ ራስህ ትተኸው እንደሆነስ?

ከመካከላችሁ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠም አለ። ጎረቤቱ ሲሰበር በደንብ ያያል፣ በማግስቱም አሳምሮ ይተርካል። ያወራው ሐሰት የለበትም። ግን እውነቱን ከማውራት ይልቅ አንድ ስንኝ ቢቀበል ምን ነበረበት?

«እኔማ ድምፅ የለኝም» የሚልም አይጠፋም። ጋሽ ሙላቱ ድምፅ ነበራቸው?

ታሪኩን አልጨረስኩም። መዝሙሩ ሲያበቃ አባ እንድርያስ ማይክሮፎኑን ለአስካለች ሰጧትና፣ «የምትዪው አለሽ?» አሏት። ሁሉም ይቅርታ የምትጠይቅ መስሎት ነበር። እርሷ ግን መጀመሪያ ቴሬዛን፣ ቀጥሎ በሩን አየች። ከዚያም አዳራሹም ደጁም እንዲሰማት ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ እንደተሰነጠቀ እንዲህ አለች፦

«ድምፄ ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ደብቄያችሁ ነበር። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ቴሬዛ ታንሣው። እኔ እዚያ በሩ ጋ፣ ጋሽ ሙላቱ አጠገብ ቆሜ እቀበላለሁ።»