የብርቅነሽ አውራ ጣትና ከከተማ የመጣችው ማባበያ

ተረቴን ላምጣው? አምጪው በሉኝ።
ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። በታንኳ አምጪው በሉኝ።
ሕፃን ያቀፈ ጠጋ ይበል። ሕፃን ያስተኛ ቀስ ብሎ ይሳቅ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በጣና ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና፣ ወጉ እንደሚለው እናቷ ቤት ሄዳ ሴት ልጅ ወለደች። ብርቅነሽ አለቻት። ባሏ ሽባባው ከሐይቁ ማዶ፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ ይጠብቃታል። ይሄ ሽባባው ሲስቅ ከከንፈሩ ቀድሞ የሚደርሰው ጥርሱ ነው። ትርንጎም ገበያ ላይ ያንን ሳቅ አይታ ነው ልቧ አብሮት የሄደው።

ትርንጎ ስጋት አያጣትም። ልጅቷ ብታስነጥስ ትደነግጣለች። ባታስነጥስ ደግሞ፣ «ምነው ዛሬ ሳታስነጥስ ዋለች?» ብላ ትደነግጣለች።

የብርቅነሽ አፍ ግን ሥራ መፍታት አይወድም። ጡት ጠብታ ትጠግባለች፤ ከጠገበች በኋላ አውራ ጣቷን ትጎርሳለች። ምጥጥ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ። ከዚያ ዓይኗ ክድን ይላል።

ወደ ባሏ የምትሄድበት ቀን ሲደርስ፣ ጎረቤቷ እትዬ ገላነሽ ሊሰናበቷት መጡ። ሕፃኗን ገለጥ አድርገው አዩና አፋቸውን ያዙ።

«ውይ ውይ ውይ! ይቺ ልጅ ጣት ለመደች እንዴ?»

«አዎ እትዬ፤ ምነው?»

«ምነው ትላለች እንዴ! ጥርሷ ይገጥጣላ! ጣቷም እንደ ስንደዶ ይቀጥናል። አማትሽ ሲያዩሽ ምን ይላሉ? ልጅ መያዝ አታውቅም ነው የሚሉሽ!»

ትርንጎ የልጇን አፍ አየት አደረገች። «ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እሬት ቀቢያት። እኔ ልጆቼን ሁሉ ጡት ያስጣልኩት በእሬት ነው። ለአፏ ደግሞ ይቺን ስጫት» አሉና ከጉያቸው አንዲት ዕቃ አወጡ። ከፊቷ የጎማ ጡት፣ ከኋላዋ ቀለበት አላት። ወተት ግን የላትም። ልጃቸው ከከተማ ያመጣት ማባበያ ናት።

ማባበያ ገና ከጉያ ስትወጣ ማውራት ጀመረች። «ጤና ይስጥልኝ! እኔ ከከተማ ነኝ። አፍ ውስጥ ስገባ ለቅሶ ይወጣል!»

አውራ ጣት ይሄን ሲሰማ፣ ርጥብ ራሱን ከብርቅነሽ አፍ ብቅ አደረገ። «ማን ናት ይቺ ደግሞ?»

«አንተስ ማን ነህ፣ ርጥቡ?»

«እኔማ የቤት ልጅ ነኝ። ከማህፀን ጀምሮ ከብርቅነሽ ጋር ነኝ። በዚያ ጨለማ ማን ያባበላት ይመስልሻል? አንቺ ያኔ ሱቅ ውስጥ ተንጠልጥለሽ ነበር!»

«እኔ ንጹሕ ነኝ፤ በፈላ ውሃ ነው የምታጠበው። አንተ የዶሮ ላባ ስትጨብጥ ትውልና አፍ ውስጥ ዘው ትላለህ!»

ጥግ ላይ እግሯን የታሰረች ዶሮ ነበረች፤ ለአማት ስጦታ የተዘጋጀች። «ላባዬን እንኳ ተዪው» አለች ተቀይማ።

«እኔ አልጠፋም» አለ አውራ ጣት። «አንቺ ግን አልጋ ሥር ገብተሽ ስትፈለጊ ልትውዪ ነው።»

«እኔ ቀኔ ሲደርስ እጣላለሁ! ልጅቷ ከፍ ስትል ወርውረው ይገላገሉኛል። አንተን ማን ቆርጦ ይጥልሃል?»

አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች መሃል ተሸሸገ።

ትርንጎ «ቆርጦ» የሚለውን ስትሰማ ክው አለች። ሮጣ ጓሮ ወጣች። የእሬት ቅጠል ሰበረች። ጭማቂውን በአውራ ጣት ላይ ቀባች፣ ደግማ ቀባች፣ እንዳያንስ ፈርታ እንደገና ቀባች። በላዩ ላይ ጨርቅ ጠመጠመችበት።

«እመቤቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ አውራ ጣት ከጨርቁ ውስጥ።

«ዝም በል። ለልጄ ጥርስ ብዬ ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጇን አቅፋ፣ ዶሮዋን አንጠልጥላ ሐይቁ ዳር ወረደች። ቀዛፊው አባ ጥጋቡ ከደንገል ቄጤማ የታሰረች ታንኳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከመነሳታቸው በፊት መቅዘፊያቸውን ወደ መሃል ሐይቁ ዘረጉ።

«ያንን ደንገል የበዛበትን ታያለሽ ልጄ? እዚያ አያ ጉማሬ ተኝቷል። መንገዳችን በአጠገቡ ነው። ወጉ ይታወቃል፤ ዝም ብሎ ያለፈ በሰላም ያልፋል። የቀሰቀሰው ታንኳው ይገለበጣል።»

ትርንጎ ልጇን ደረቷ ላይ አጠበቀች። «ልጄ ብታለቅስስ?»

«እኔ እያለሁ!» አለች ማባበያ።

«እኔ እንኳ ወደ ድስት እየሄድኩ ዝም ብያለሁ» አለች ዶሮዋ። «ሌላውን ምን ያስጮኸዋል?»

ተቀዘፈ። ታንኳዋ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ብርቅነሽ ማባበያዋን ጎርሳለች። ምጥጥ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ።

«አያችሁ?» አለች ማባበያ፣ አፍ ውስጥ ሆና እየተንተባተበች። «የከተማ ሥራ እንዲህ ነው!»

ደንገሉ አጠገብ ሲደርሱ የብርቅነሽ አፍንጫ ተነፋ። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«እጥሽ!»

ማባበያ ተወርውራ ሐይቁ ውስጥ ቧ አለች።

«ኧረ ያዙኝ! ዋና አላውቅም!» ጮኸች። ጥቂት ቆየችና፣ «ለካ አውቃለሁ!» አለች። እየተንሳፈፈች፣ እያወራች ወደ ደንገሉ ሄደች።

የብርቅነሽ አፍ ሥራ ፈታ። «እኝ» አለች።

ከውሃው ውስጥ ጆሮ ወጣ። «ማን ነው?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«ነፋስ ነው አያ ጉማሬ፤ ይተኙ» አሉ አባ ጥጋቡ።

ትርንጎ ቶሎ ብላ ጡቷን ሰጠቻት። ብርቅነሽ ግን ጠግባለች፤ ገፋችውና «እኝኝ!» አለች።

ዓይን ወጣ። ዓይኑ ታንኳዋን አየ፣ ሕፃኗን አየ፣ ትርንጎን አየ።

«ነፋስ ነው አላችሁኝ? ሻሽ ያሰረ ነፋስ ዛሬ ገና አየሁ!»

ብርቅነሽ በዚህ መሃል የጣቷን ጨርቅ በድዷ ጎትታ ፈታችው። የጥንት ወዳጇን አገኘችው። ጎረሰችው።

«አትጉረሺኝ! ዛሬ እኔ፣ እኔ አይደለሁም!» አለ አውራ ጣት።

አልሰማችም። እሬቱ ምላሷን ነካት። አንድ ጊዜ ትንፋሿን ዋጠች፤ ከዚያ የለቀቀችው ለቅሶ የሐይቁን ወፍ ሁሉ አስነሳው።

አሁን አፍ ወጣ። እንደ ጎተራ በር ተከፈተ። ጥላው ታንኳዋ ላይ ወደቀ።

«ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ማን ነው? ልገለብጥ ነው!»

አባ ጥጋቡ መቅዘፊያቸውን ይዘው ቀሩ። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈነች። «ድስቱ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ትርንጎ ግን ጉማሬውን አላየችውም። የምታየው የልጇን ፊት ነው። የልጅቷን እጅ ይዛ ሐይቁ ውስጥ ነከረችው፣ አሸችው። እሬት በውሃ ብቻ የት ይለቅና!

«እመቤቴ፣ ለራሴም መረርኩ» አለ አውራ ጣት እያለቀሰ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ጎንበስ አለች። የልጇን አውራ ጣት ራሷ ጎረሰችው።

መረራት። ምላሷን መረራት፣ ጉሮሮዋን መረራት፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ መረራት። ጠባችና ተፋች። ደግማ ጠባችና ተፋች። ፊቷ ተጨማደደ፣ አንድ ዓይኗ ተዘጋ፣ ከንፈሯ ወደ ጎን ሄደ።

ብርቅነሽ ለቅሶዋን አቆመች። የእናቷን ፊት አየች። ትክ ብላ አየች። ከዚያ ጥርስ የሌለውን አፏን ከፍታ ሳቀች!

ጉማሬው አፉን እንደከፈተ ቀረ። «አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«የቀባሁትን እየመለስኩ ነው፣ አያ ጉማሬ። ሳልቀምሰው ነው ለልጄ የሰጠኋት። ይሄን ያህል እንደሚመር አላወቅኩም ነበር።»

«እና አሁን ማን ሊጠባው ነው? አንቺ ወይስ እሷ?»

«መጀመሪያ እኔ፤ ሲጣፍጥ እሷ!»

አያ ጉማሬ መጀመሪያ ሆዱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንገቱ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ጣት የምትጠባ እናት! ቆይ ለሚስቴ ልንገራት!» እያለ ሲስቅ ማዕበል ተነሳ፤ ማዕበሉም ታንኳዋን ገፍቶ ገፍቶ ማዶ አደረሳት።

«ቆዩ፣ ይቺንም ውሰዱልኝ!» ሲል አያ ጉማሬ ከኋላቸው ተጣራ። «አፍንጫዬ ላይ ወጥታ ስለ ከተማ ታወራልኛለች!» እፍ ሲል ማባበያ በአየር መጥታ ዶሮዋ ጀርባ ላይ አረፈች።

ማባበያና አውራ ጣት ተያዩ። ሁለቱም ርጥብ ነበሩ።

«እንኳን አልተቆረጥክ» አለች ማባበያ ቀስ ብላ።

«አንቺም እንኳን አልሰመጥሽ። ቆዳዬ ሲላላጥ ታሳርፊኛለሽ። ግን መጀመሪያ ታጠቢ፤ የጉማሬ ንፍጥ ነክቶሻል!»

«በፈላ ውሃ!» አለች።

በዳርቻው አማቷ እማማ ደብሬና ሽባባው ቆመዋል። ብርቅነሽ አውራ ጣቷን ጎርሳ እንቅልፍ ወስዷታል። ትርንጎ ሰላምታ እየሰጠች የልጇን አፍ በነጠላዋ ለመሸፈን ሞከረች። እማማ ደብሬ ግን ነጠላውን ገለጡ።

«ጣቷን ነው?»

ትርንጎ መሬት መሬት አየች። «እማማ፣ እኔ…»

«እልልል! የአባቷ ልጅ! ይሄ ሽባባውም ጥጃ እስኪጠብቅ ድረስ ጣቱን ከአፉ አላወጣም!»

«ጥርሱስ?» አለች ትርንጎ፣ ለመስማት እየፈራች።

«ጥርሱማ ይኸው፤ ትንሽ ቀደም ቀደም ይላል። ምነው ልጄ፣ ጠልተሽው ነው?»

ትርንጎ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ሽባባው ሳቀ። ያው እንደ ልማዱ፣ ከከንፈሩ ጥርሱ ቀደመ።

«ኧረ እኔስ አልጠላሁትም» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አሁን ገና እንቦቀቅላ ናት» አሉ እማማ ደብሬ። «ከፍ ስትል እጇን ሥራ እናስይዘዋለን፤ በጨዋታ በጨዋታ ትረሳዋለች። አንቺ ግን አፍሽ ምን ሆኖ ነው? ስስምሽ መረርሽኝ!»

አባ ጥጋቡ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ታንኳቸው ዞሩ።

«እኔስ?» አለች ዶሮዋ።

«አንቺማ እንቁላል ትጥያለሽ» አሉ እማማ ደብሬ።

«ተመስገን» አለች፤ እዚያው ቆማ አንድ ጣለች።

ተረቴን ከማዶ አመጣሁላችሁ፤ ሳይገለበጥ ደረሰ። ለልጅ መራራ የሚቀባ እጅ፣ አስቀድሞ በራሱ ምላስ ይቅመሰው። እናንተም ተረቴን ስትመልሱልኝ በዝግታ ይሁን፤ የኔዋ ገና አሁን ተኛች።