ጉማሬው ንጉሥና የግድቡ ባዶ ሆድ

ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬዋ ተረት የተቀመጣችሁበትን ጊዜ የምትክስ ናት፤ ስታልቅም እጃችሁ ሥራ ያገኛል።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ግድብ በሚሠሩበት ጊዜ፣ አንድ ጉማሬ ነግሦ ነበር። መዋኘት ይወዳል፤ ቆንጆ ነህ መባል ደግሞ ከመዋኘትም አብልጦ ይወዳል። ከግድቡ በታች፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንዲት ብልህ ጥንቸል ዓይናቸውን ካልገለጡ ልጆቿ ጋር ትኖራለች።

ግድቡ የተሠራው የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ነበር። ንጉሡ ግን እንደ ልቡ ሊዋኝበት ብሎ በሩን በትልቅ ድንጋይ ዘጋው። ድንጋዩን ከሱ በቀር የሚያነሳ የለም። ውሃው ሞላ፣ ተንጣለለ፣ አፍ ደረሰ።

ሰኔ ገባ፤ ተራራው ላይ ደመናው ጠቆረ። ጥንቸል ልጆቿን አየችና ወደ ንጉሡ ሮጠች።

«ጃንሆይ፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው። በሩ ይከፈት።»

«እየዋኘሁ ነው» አላት።

ሁለተኛ ሄደች። አንድ ሙሉ ቅል፣ አንድ ባዶ ቅል ይዛ። «ይመልከቱ ጃንሆይ፣ በሙሉው ላይ ውሃ ሲጨመር...»

«ደግ አደረግሽ፣ ጠምቶኝ ነበር» አለና ውሃውን ከነቅሉ ዋጠው። ሐይቅ ውስጥ ተቀምጦ እኮ ነው!

ሦስተኛ ሄደች። አሁን ስለ ጎርፍ ትንፍሽ አላለችም።

«ጃንሆይ፣ አገሩ ሁሉ ከርከሮ ከንጉሡ ይበልጥ ያምራል ይላል። እኔ እንኳ ስለ እርስዎ ተጣላሁ።»

«ከርከሮ? ያ ጥርሰ ወልጋዳ?»

«ጭቃ ይለቀለቃላ። የእርስዎ ጭቃ ይኸው ውሃ ስር ተቀብሮ ቀረ።»

ንጉሡ ድንጋዩን ሊፈነቅል ተነሳ።

«ቀስ ብለው ገርበብ ያድርጉት፤ ባንዴ ከተለቀቀ ጭቃውንም ይዞት ይሄዳል» አለች። በልቧ ግን ከታች ያሉትን ልጆቿን ነበር የምታስበው።

ውሃው ኩልል እያለ ወርዶ አለቀ። ንጉሡ ጭቃው ውስጥ ተንከባለለ፣ ዘፈነ፣ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎርፉም ዛፍ እየነቀለ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ መጣ። ግድቡ ሆዱ ባዶ ነበርና ዋጠው፣ ዋጠው፣ ዋጠው። አፉ ጋ ሲደርስ ዝናቡ አባራ። የጥንቸል ልጆች ጠብታ ሳይነካቸው ተኝተዋል።

ንጉሡ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነቃ። ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ፣ ገባው።

«አንቺ፣ በጭቃ ሸወድሽኝ እኮ።»

«እኔ ከርከሮን ነው ያማሁት፣ ጃንሆይ።»

ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የግድቡንም አዛዥነት ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሳይገባ ውሃው ቀስ ብሎ ይለቀቅና የጭቃ በዓል ይደረጋል፤ ከርከሮም በክብር ይጠራል።

ቁም ነገሩ ይሄ ነው፤ የጎርፍ ግድብ የሚጠብቀን ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው። ካላመናችሁ አሁኑኑ ሂዱና ሁለት ጣሳ አምጡ፤ አንዱን ሙሉት፣ አንዱን ባዶ ተዉት። በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ ጨምሩና የትኛው እግራችሁን እንደሚያረጥብ እዩ። ብቻ የጠማው ሰው አጠገባችሁ አይኑር።