ሳይተኮስ የሠራው ሽጉጥ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን እንኳ ስጽፈው ፊቴ ይቀላል።

አባቴ ፊታውራሪ ወንድይራድ ከቤልጂግ ውድ ሽጉጥ አስመጡ። ግብር ላይ ለእንግዳው ሁሉ እያሳዩ «ተወደደብኝ እንዴ?» ይላሉ። «ኧረ በነጻ ነው ጌታዬ!» ይላል ሁሉም። እኔ ሴት ልጃቸው ከአስኳላ ለእረፍት መጥቼ፣ ብቻዬን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

አንድ ምላሰኛ ኮርቻ ሰፊ ብቻ ዝም አለ።

«አንተስ?» አሉት አባቴ። «ተወደደ ካልህ ሞኝ ብለኸኛልና ትገረፋለህ። ዋጋው ይገባዋል ካልህ ደግሞ ላምህን ሽጠህ ጥይት ትገዛለታለህ።»

ሰውየው እጅ ነሣ። «ዋጋውስ ይገባዋል ጌታዬ። ሌላ ሽጉጥ በአንድ ጥይት ቢበዛ አንድ ሰው ይመታል። ይኸኛው ግን ሳይተኮስ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስዋሽቷል። ታዲያ ጥይት ምን ያደርግለታል? ላሜን ይተዉልኝ።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ አመለጠ፤ የእኔ ነበር። አባቴም የማን እንደሆነ ሳያውቁ ተከትለው ሳቁ፤ ሰውየውም ላሟም ተረፉ።

በማግስቱ ጠዋት የኮርቻዬን ደህና ጠፍር በምላጭ ቆረጥኩና «ተበጠሰብኝ» ብዬ ሰውየው ቤት ሄድኩ።